ወፍ ያወጣችው ፈረንጅ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ወንጀለኛ እንዳፈላልግ በመንግሥት ታዝዤ አውቃለሁ። የሚፈለገው ወንጀለኛ እኔው ነበርሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት ደብር ነው። ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት መምህር ነበርሁ። ንፋስ መውጫ ተወልጄ ጎንደር ተምሬ፣ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ውስጥ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻዬን የማስተምር፣ ሱሪዬን ማታ ማታ ፍራሽ ሥር አስተኝቼ ጠዋት እንደ ተተኮሰ የምለብስ ሰው ነኝ። በዚያ ላይ ተራማጅ ነበርሁ። ተራማጅ መሆኔን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህም ለጤናዬ ተስማምቶኝ ነበር።

ተራማጅነቴ ከአንድ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ንፋስ መውጫ ሲያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው እንግሊዝ አገር ተወልዶ፣ እኛ ከመፈጠራችን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የሞተ፣ ንግሥና ከአባት ወደ ልጅ መውረዱን በብዕሩ ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። ስሙን እዚህ አልጠራውም። አንድ ጊዜ ከጀርባው ተደብቄ አልፌያለሁ፣ ለእኔ ይበቃኛል። የፈረንጅ ታሪክ ነው እያልሁ ቤቴ ለመጣ ሁሉ አሳየዋለሁ እንጂ፣ ያነበብሁት ግማሽ ድረስ ነበር። ግማሽ መጽሐፍ ያነበበ ወጣት ደግሞ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስተማሪ የሆናችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት መሪጌታ ላቀው ቤት ማኅበር ነበር። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ አምስት ሆነን ቀረን። መሪጌታ ልጃቸው አልማር ብሎ አንጀታቸው አርሯል።

«አሥራ አንድ ዓመት ከድጓው ቤት ከቤተ ልሔም ከርሜ ድጓ ያስመሰከርሁ ሰው!» አሉ። «እሱ ጾመ ድጓውን እንኳ አይዘልቀውም።»

«ልጅዎ አይደለም እንዴ? የመሪጌትነቱን ወንበር ዝም ብለው ቢያወርሱትስ?» አልኋቸው።

«ምን አልህ? ወንበር በደም ይወረሳል? ያልተማረ ተቀምጦበት ማኅሌቱ ምን ሊሆን ነው!»

ጠላው ጥሩ ነበር፤ እኔም ሦስተኛውን ጨርሼ ነበር። «ማኅሌት በደም ካልተወረሰ፣ አገርን የሚያህል ነገር እንዴት በደም ይወረሳል?» አልሁ።

ሐሳቡን የወሰድሁት ከመጽሐፉ ሰውዬ ነው፤ እኔ የቤተ ልሔምን ካባ ነው ያለበስሁት። የደብሯ ሽማግሌ አያ ጓንጉል ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና «ዘንድሮ ገብሱ መልካም ነው» አሉ። ሁላችንም ገብሱ መልካም መሆኑን ተስማምተን ተለያየን። ወደ ቤቴ የሄድሁት እየተንጎራደድሁ ነበር። አንድ ዙፋን ያነቃነቅሁ መስሎኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ለወረዳው ገዥ ደብዳቤ ደረሳቸው። «በዚህ ደብር አገር በዘር አይወረስም የሚል ሰው ተነሥቷል» ይላል። የተናገረው ሰው ስም የለበትም፤ የጻፈውም ሰው ስም የለበትም። የተናገረውን ሰው ስም ቢጠራ ምስክር ሁን ይባላል፤ ምስክር ከሆነ ደግሞ ስድስት ወር ንፋስ መውጫ ሊመላለስ ነው። ለመንግሥት ታማኝነቱን ሳይደክም መግለጥ የፈለገ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ገዥው ፊታውራሪ በበቅሎ፣ አራት ነጭ ለባሽ ታጣቂ አስከትለው ደረሱና አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ላላያችሁ ላስረዳ። ጥፋተኛው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ንቅንቅ የለም፤ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ወደ ተመረጡት ሽማግሌዎች ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሮ ይናገራል። «እኔ አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። የወፍ ስም ስለማይጠየቅ ማንም ከማንም አይቀያየምም። ለከብት ሌባ መልካም ዘዴ ነበር። ለሐሳብ ሲጠራ ግን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔም ከሕዝቡ ጋር ሜዳው ላይ ቆሜ ነበር። ፊታውራሪ በዓይናቸው ሲፈልጉ ቆዩና በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«አንተ መምህር! ና ወዲህ!»

ሄድሁ።

«የእጅ ጽሑፍህ ያማረ ነው ይሉሃል።»

«እ… ደኅና ነው፣ ጌታዬ።»

«በል ተቀመጥ። ወፏ የምትለውን ሁሉ ትጽፋለህ። አንዲት ቃል እንዳታመልጥህ!»

እንዲህ ሆኜ የራሴ መርማሪ ጸሐፊ ሆንሁ። በዚያ ሰሞን ጎንደር ለተጨማሪ ትምህርት እንድሄድ ያመለከትሁበት ወረቀት እኚሁ ፊታውራሪ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር። ብናገር ወኅኒ፣ ዝም ብል ትምህርት ቤት። ምርጫው ሲታይ ከባድ አይመስልም። ግን ሜዳውን ከበው የሚታዩት ማሳዎች ላይ የሦስት መቶ ሰው ገብስ ታጭዶ ተኝቷል። ነዶው አልተሰበሰበም፣ አልተከመረም። ባለቤቱ እዚህ ታግቷል።

ከሴቶቹ መሐል እትዬ የሺ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬቱ በስሟ ስለሚገበር እሷም አትቀርም ተባለች። ገብሷ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ቀና ባልሁ ቁጥር የማየው እሱን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ወፏ ብዙ ተናገረች። የእገሌ በሬ ድንበር ገፍቶ ማረሱን፣ የእገሊት ዶሮ የጠፋችው በቀበሮ አለመሆኑን፣ አንድ ዲያቆን በጾም ወተት መቅመሱን ነገረችን። ሁሉንም ጻፍሁ። ወደ ማታ ገደማ የደብሯ ግብር ሰብሳቢ ጭቃ ሹም ለገዥው ብሎ ከሰበሰበው ማር ግማሹን ቤቱ እንዳስቀረ ተናገረች። ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ ጭቃ ሹሙን አዩት፤ ጭቃ ሹሙ ምድር ምድሩን አየ።

«ይቺ ወፍ ወሬኛ ናት» አሉ ፊታውራሪ። «እኔ የንጉሥ ነገር ነው የጠየቅሁ፣ የማር ነገር በኋላ ይታያል። ጻፍ!»

ረቡዕም እንዲሁ ዋለ። በወረቀቱ ላይ የደብሯ ኃጢአት ሁሉ ተጽፏል፣ ከአንዱ በቀር። መሪጌታ ላቀው ተራቸው ሲደርስ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርበው «ወፏ ግዕዝ ነው የተናገረችኝ፣ አልተረጎምሁትም ገና» አሉና ተመለሱ። በማኅበሩ ዕለት አብረውኝ የነበሩትን አራቱን ሰዎች በዓይኔ እየተከታተልሁ ከንፈራቸውን አነባለሁ። አልተናገሩም። እነሱ ዝም ካሉ ሌላ የሚያውቅ የለም ብዬ እጽናናለሁ። እንዲያውም በሐሳቤ ጀግና ሆንሁ፦ ምስጢር የያዘ፣ በጠላት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የማይፈራ ታጋይ! ነገሩን እንዲህ ካዩት ፍርሃትም ትግል ይመስላል።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ በጉና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። በኅዳር የማይታሰብ ደመና ነው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። አንድ ገበሬ ተነሥቶ የፊታውራሪን ጫማ ነካ፣ መሬት ሳመ።

«ጌታዬ፣ ገብሳችንን ብቻ ከምረን እንመለስ! ሦስት ሰዓት አይፈጅም።»

«ሰውየውን አውጡና ሂዱ» አሉ ፊታውራሪ። «እኔ ነኝ የያዝኋችሁ? ሰውየው ነው የያዛችሁ።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሦስት ቀን ፊታውራሪ የተናገሩት አንድ እውነት ይኸ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ልነሣ ነው ብዬ እግሬን ሰበሰብሁ። «እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ተማሪዎቼ በአንደኛ ክፍል መጀመሪያ ሳምንት ይጽፉታል። እኔ አልቻልሁም። እስክሪብቶዬን መልሼ አነሣሁ፤ ዝናቡም መጣ።

እንደ ሐምሌ ወረደ። ፊታውራሪ ድንኳን ገቡ፤ እኔም ወረቀቱ እንዳይረጥብ ተብሎ አብሬ ገባሁ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ቆሞ በዝናቡ ተደበደበ። በድንኳኑ ቀዳዳ የእትዬ የሺን ማሳ አየሁት። ጎርፉ ነዶውን እየገለበጠ ወደ ቦዩ ይወስደዋል። እሷ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ነጠላዋን በራሷ ላይ ደርባ ድንኳኑን ታያለች። ማሳውን ሳይሆን ድንኳኑን።

አርብ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ገበያ በሚሄድበት ሰዓት፣ አያ ጓንጉል ከተቀመጡበት ተነሡና «ወፍ ተናገረች!» አሉ።

እኔም አዲስ ገጽ ገለጥሁ።

«ማንን አለች?» አሉ ፊታውራሪ።

«የአገራችን ሰው አይደለም ነው የምትለው፣ ጌታዬ። ፈረንጅ ነው። መምህር ዘንድ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል አለች።»

ፊታውራሪ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«መ… መጽሐፍ አለ፣ ጌታዬ። ሰውየው ግን ሞቷል።»

«ከሞተ ማን ተናገረ?»

«መጽሐፍ ተናገረ፣ ጌታዬ» አሉ መሪጌታ ፈጠን ብለው። «ዳዊትም ሞቷል፤ በየቀኑ ግን ይናገራል።»

ፊታውራሪ ይህን መቃወም ሃይማኖትን መቃወም መሰላቸው መሰለኝ፣ ክርክሩን ተዉት። ከዚያ መጽሐፉ ይምጣ፣ የተከሳሹ ማንነት በሕዝብ ፊት ይነበብ ብለው አዘዙ። እንግዲህ ሐሳቡ እንዳይሰማ የተጠራው ጉባኤ፣ ሐሳቡን ሊሰማ ተመቻችቶ ተቀመጠ። በጋይንት ምድር ያን ያህል ተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልነበረኝም።

«አባቱ ምን ነበር?» ብለው ጀመሩ ፊታውራሪ።

«የሴቶች ወገብ ማጥበቂያ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁም ያንኑ ተምሯል።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። «ባለእጅ ነዋ!» አለ አንዱ። «ባለእጅ ነው ንጉሥ ላይ የተናገረው?»

«ኋላም ቀረጥ ሰብሳቢ፣ ቀራጭ ሆነ። ሁለት ጊዜ ከሥራው አባረሩት።»

«ምን አጥፍቶ?» አለ ጭቃ ሹሙ፣ ነገሩ ነክቶት።

«የቀራጮች ደመወዝ ስለማይበቃ ነው ጉቦ የሚበሉት ብሎ ለመንግሥት ጽፎ ነበር።»

ጭቃ ሹሙ ተከሳሹን በመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት ሲያስበው ታየኝ።

ወደ አሜሪካ መሻገሩን፣ እዚያ ሰዎቹ ከእንግሊዝ ንጉሥ እንዲላቀቁ መጻፉን ነገርሁ። ተመልሶም ዙፋን በዘር መውረዱን ሲነቅፍ እንግሊዞች ከሰሱት፤ እሱ ግን ፈረንሳይ አገር ስለነበር በሌለበት ፈረዱበት አልሁ። ፊታውራሪ ከወንበራቸው ተነሡ።

«በሌለበት? እንግሊዝ በሌለበት ፈረደች?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ይቻላላ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ጻፍ። በሌለበት ይቻላል። ቀጥል።»

እዚህ ላይ እኔ ያነበብሁት ግማሽ አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለውን ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው የሰማሁት፤ እያየሁ እተረጉማለሁ። ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን አስረው ሊገድሉት ሲማከሩ፣ ይኸው ሰው ከሸንጎው አባላት አንዱ ነበር። ቋንቋቸውን እንኳ ደኅና አድርጎ አይናገርም። ግን ተነሥቶ ንጉሡን አትግደሉት፣ ከአገር ይውጣ አለ።

«የንጉሥ ጠላት አይደለም እንዴ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ዙፋኑን ነው የሚጠላው፣ ጌታዬ። ሰውየውን አይደለም።»

«እንዲህ በማለቱ ምን አገኘ?»

ገጹን ገለጥሁ። «እሱንም አሰሩት።»

የሚገደሉት እስረኞች በር ላይ ጠባቂው በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። የእሱ በር ያን ሰዓት ወደ ውጭ ተከፍቶ ነበርና ምልክቱ በውስጠኛው ገጽ ላይ ተጻፈ። ማታ በሩ ሲዘጋ ምልክቱ ወደ ውስጥ ሆነ፤ ወሳጆቹም ሳያዩት አለፉ።

«የፋሲካው ደም!» አሉ መሪጌታ። «መልአከ ሞት አልፎታል!»

ሦስት መቶ ሰው አማተበ። ተከሳሹ በእነሱ ዘንድ ነጻ የወጣው በዚያች ደቂቃ ነው።

መጨረሻውን ገለጥሁ፤ አላወቅሁትም ነበር። አርጅቶ አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ስለ ሃይማኖት በጻፈው ነገር ሁሉም ጠልተውት ነበር። መቃብር ለምኖ ተከለከለ፣ በእርሻው ዳር ተቀበረ። ቀባሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኋላም አንድ አድናቂው አጥንቱን ቆፍሮ በክብር ሊያስቀብረው ወደ እንግሊዝ ወሰደው፤ አጥንቱም እዚያው ጠፋ።

ማንም አልሳቀም። አያ ጓንጉል «ፍትሐት የሚያደርግለት አንድ ካህን ጠፋ?» አሉ። «ማኅበር አልነበረውም? ያ ሁሉ አሜሪካ የት ሄዶ?»

ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዱን አጻፉኝ። ተከሳሹ በሌለበት አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ በወረዳው ክልል ቢገኝ እንዲያዝ ለጭቃ ሹሙ ትእዛዝ ተሰጠ። ፈርሜ አተምሁት። (ጭቃ ሹሙ ትእዛዙን በቁም ነገር ስለ ያዘው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከብት ሊከትብ የመጣ አንድ ፈረንጅ ልብስ መስፋት አለመቻሉን እስኪያስረዳ ድረስ ግማሽ ቀን ታግቶ ውሏል አሉ።)

ቅዳሜ ወደ እትዬ የሺ ማሳ ሄድሁ። በስብሶ ከጭቃ የተላቆጠውን ነዶ እየነጠለች ታሰጣለች። ሱሪዬን ሰብስቤ አጠገቧ ጎንበስ አልሁ። አብረን ሠራን። በኋላ መታገሥ አቃተኝ።

«እትዬ የሺ፣ እኔ… ያን ነገር የተናገርሁት…»

«አውቃለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል! የሚካኤል ዕለት ማታውን ነው አገሩ ሁሉ የሰማው። ማክሰኞ ሜዳ ስንወጣ ሁላችንም እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም? ገብሱ እስኪጠፋ ድረስ ለምን?»

አሁን ቀና አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት በተሻለኝ ነበር።

«እኛ ምን ብለን እንናገር፣ ልጄ? አንተ ትነሣለህ ብለን ነዋ የጠበቅን። ሐሙስ ዕለት እስክሪብቶህን ስታስቀምጥ ሰው ሁሉ አይቶሃል። አሁን ተነሣ አልን። ከዚያ መልሰህ አነሣሃት። አያ ጓንጉልም በቃ፣ አይነሣም፣ መላ እንፈልግ አሉ።»

ከዚያ ነዶዋን ማሰጣቷን ቀጠለች።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ስለ ነጻነት መጽሐፍ ሲያነብ ራሱን ሁልጊዜ በጸሐፊው ቦታ ያስቀምጣል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ያ ሰውዬ ቢኖር ከእኔ ጋር ድንኳን ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። ዙፋኑን ለሚጠላበት ንጉሥ ነፍስ ሲል ታስሯል፤ እኔ ምንም ላልበደለችኝ ሴት ገብስ ስል ሁለት ቃል አልወጣኝም። የጋይንት ገበሬ ስለ መብት አንድ ገጽ አላነበበም። ግን አንድን ሰው አሳልፎ ከመስጠት ዓመት ሙሉ የለፋበትን ገብስ ማጣት መረጠ፤ ይህንንም ለሦስት ቀን፣ ሳይመካከር ነው ያደረገው። ከዚያ ወዲህ ተራማጅ ነኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ምን እንዳነበበ አልጠይቀውም። ማን ስለ እሱ ዝናብ ላይ እንደቆመ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ሰኞ ንፋስ መውጫ ወጥቼ ፊታውራሪ ቢሮ ገባሁ። ልናገር ነበር የሄድሁት።

«ጌታዬ፣ ያ የአውጫጭኙ ጉዳይ…»

«ተዘግቷል» አሉ። «ጥፋተኛው ታውቋል፣ ተፈርዶበታል፣ ወረቀቱም ወደ በላይ ሄዷል። አሁን ሌላ ጥፋተኛ ብታመጣልኝ የትኛው ፋይል ውስጥ ላስገባው?» ከዚያ ፈገግ አሉና ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አነሡ። «ለትጋትህ ይኸውልህ፣ የትምህርት ፈቃድህ።»

ደጋግሜ ልነግራቸው እችል ነበር። ጮኼ፣ ሰው ሰብስቤ ልናገር እችል ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። በሳምንቱም ጎንደር ገባሁ፤ ወደዚያች ደብር ተመልሼ አልሄድሁም።

እትዬ የሺ አርፋለች፤ አያ ጓንጉልም፣ መሪጌታም። ከዚያች ደብር የተወለዳችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በዚያ ዝናብ ለቆሙት ሁሉ አድርሱልኝ፦ በሚካኤል ዕለት፣ በመሪጌታ ላቀው ቤት ያን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝ። ጠብቃችሁኝ ነበር። ይኸው ተነሣሁ፤ ገብሱ ግን የለም።